ዳና የተወጋ ዕለት

ቲቸር ዳቦ ማረፉን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው። የምሸጠውን የበርበሬ ዳጣ ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው፣ ድሮ ተማሪው የነበረ፣ አሁን አግብቶ ሻንቶ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ዳጣውን በጣቱ ቀምሶ እፍ እፍ እያለ፣ "የታምራት እናት፣ ቲቸር ዳቦ እኮ ሞተ" አለኝ። እንደ ዋዛ።

"የቱ ቲቸር ዳቦ?" አልኩት፣ እያወቅኩ።

"ስንት ቲቸር ዳቦ አለ? ያ የእርስዎ ተከራይ ነዋ! አገሩ ገብቶ ታሞ ነበር አሉ። ከተቀበረ ወር አልፎታል።"

ዕቃዬን ከድኜ ቁጭ አልኩ። አገሩ ወደ ሰሜን ሩቅ ነው፤ መንገዱንም አላውቀው። እዚህ ሶዶ ደግሞ ዘመድ ስላልነበረው ለቅሶ የሚደረስለት ቤት የለም። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። መጻፍ የማውቀው ስምና የዕቃ ዝርዝር ነበር። ግን ስለ እሱ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም፣ ስለዚህ እኔው ልጻፈው።

ግቢዬ ውስጥ ያለችውን የጭቃ ክፍል ሲከራይ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዞ ነው የመጣው። ጠይም፣ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ጠመኔ በኮቱ ኪስ ይይዝ ስለነበር ነገር ሲያስብ ኪሱን መታ መታ ያደርጋል፤ ነጭ አቧራ ቡን ይልና ፊቱን ይሸፍነዋል። እኛ ሶዶዎች አማርኛ ስናወራ ሁሉን ሰው አንተ ማለት ይቀናናል። እሱ ግን ውሃ ስትቀዳ የምትውለውን ሴት ሁሉ እርስዎ ይል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን "እርስዎ" ሲለኝ ከኋላዬ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር እል ነበር።

አንድ አባባል ነበረው። "ቀስ ብለን እንይ" ይላል። ጣሪያው ሲያፈስም፣ ደሞዝ ሲዘገይም፣ ልጆች ሲደባደቡም ቀስ ብለን እንይ ነው። እኔ ደግሞ ቀስ ብሎ ማየት የሚባል አልፈጠረብኝም። በዚያን ጊዜ በተለይ።

በዚያን ጊዜ የሶዶ ጎረምሶች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ላይ ሰፈርና መናኸሪያ። ላይ ሰፈር የምንባለው ወደ ዳሞታ ተራራ ጠጋ ብለን ያለነው ነን። መናኸሪያ ደግሞ አውቶቡስ የሚቆምበት አካባቢ። በኳስ ተጀመረ አሉ። ከዚያ ድንጋይ ሆነ፣ ከዚያ ሰንሰለት ሆነ፣ ከዚያ አንዱ የሌላውን ጀርባ በሴንጢ ሸረከተው። የእኔ ታምራት ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ የላይ ሰፈር ልጆች ሲጠሩት በፉጨት ነው የሚጠሩት። ያ ፉጨት ከአጥር ውጭ ሲሰማ ወጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። አባቱ ሸንኮራ ቆረጣ ወጥቶ ዓመት በዓል ሲሆን ብቻ ነው የሚመጣው። ብቻዬን ነኝ። ልጁን "አትሂድ" ስለው፣ "ካልሄድኩ እነሱ ራሳቸው ይመቱኛል" ይላል። ልክ ነው፣ ይመቱታል። ቢሄድ የመናኸሪያ ልጆች፣ ቢቀር የራሱ ጓደኞች። ምን ልበለው?

ቲቸር የሚያስተምራቸው እንግሊዝኛ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ልጆች አሉ፤ ላይ ሰፈር በመስኮት በኩል፣ መናኸሪያ በበር በኩል ይቀመጣሉ። በመካከል ያለው አግዳሚ ወንበር ባዶ ነው። ሴቶቹም እንኳ አይቀመጡበትም። እሱ ይህን አይቶ ከካርቶኑ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣ። በወንዝ ለሁለት በተከፈለች የፈረንጅ ከተማ ስለሚኖሩ ጎረምሶች ነው። ከወዲህና ከወዲያ ሆነው ይጣላሉ።

መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ያነባል፣ ከዚያ በአማርኛ ይነግራቸዋል። ለነገ የሚነግራቸውን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብሎ ይለማመዳል። የእኔ ማድቤትና የእሱ ክፍል ግድግዳቸው አንድ ነው። እኔ ለዳጣ የሚሆነውን በርበሬ በድንጋይ እፈጫለሁ፣ እሱ ያወራል። ድንጋዩ ሲያንኳኳ ቃሉ ያመልጠኛል። ስለዚህ ፍጨቱን ቀስ አደርግ ጀመር። ከዚያ ጭራሽ አቁሜ መስማት ጀመርኩ። አንድ ቀን እሱም ዝም አለ። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ "የታምራት እናት፣ በርበሬው ካለቀ ልቀጥል?" አለ።

አፈርኩ። ግን "ቀጥል" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ነው የሚያነበው።

ቲቸር ዳቦ የሚለውን ስም ያወጡለት በዚሁ መጽሐፍ ነው። ክፍል ውስጥ ጠየቀ አሉ። "ይህ ልጅ ቤት አለው፣ እናት አለችው። ታዲያ ወደ ጓደኞቹ የሚሮጠው ምን ፍለጋ ነው?"

ከኋላ አንዱ "ዳቦ!" አለ።

"ዳቦ? ርቦት ነው የምትለው?"

ክፍሉ በሳቅ ተገለባበጠ። እሱ ግራ ገብቶት "እሺ፣ ቤቱ ምግብ የለም እንበል..." ብሎ ሊያስረዳ ሲል ሳቁ ባሰ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አዘነችለትና፣ "ቲቸር፣ በእኛ ቋንቋ ዳቦ ማለት ዘመድ ነው" አለችው።

ኪሱን መታ መታ አደረገ አሉ። አቧራው ቡን አለ። ዞሮ ሰሌዳው ላይ በትልቁ "ዳቦ" ብሎ ጻፈና፣ "እኔ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ያላገኘሁትን መልስ ነው የሰጠኸኝ" አለው ልጁን። ያ ልጅ በረከት ነው፤ የመናኸሪያ ልጆች አውራ። ታምራት ይህን ሲነግረኝ የበረከትን ስም በጥላቻ ሳይሆን በቅናት ነው የጠራው። ገረመኝ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ጥፋት ከተባለ።

በመጽሐፉ ያሉት የፈረንጅ ስሞች ለልጆቹ አልያዝ አሉ። ቲቸር ስሞቹን ሁሉ በእኛ ስም ቀየራቸው። ዋናውን ልጅ ዳና አለው። ዳና ከወንዙ ወዲህ ነው የሚኖረው፤ የልብ ጓደኛው ከወላጆቹ ጋር ወደ ወዲያኛው ማዶ ቤት ቀይሮ ጠላት ሆኖበታል። ዳና ጓደኛውን ሊያይ ድልድዩን ይሻገራል። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ቲቸር ያንን ምዕራፍ አነበበ፤ ዳና ድልድዩ ላይ ተወጋ። እዚያ ላይ ደወል ተደወለ።

ልጆቹ እያለቀሱ ወጡ። አንዷ ልጅ በቀጥታ እናቷ ሽንኩርት ወደምትሸጥበት ገበያ ሄዳ፣ "ዳና ተወጋ! ድልድዩ ላይ!" ብላ እንባዋን አፈሰሰች። ከገበያው በታችም ድልድይ አለ። እናቲቱ ለጎረቤቷ ነገረች። ጎረቤቷ ለቅቤ ሻጮቹ። እኔ ጋ ሲደርስ፣ "አንድ የላይ ሰፈር ልጅ ተወግቶ ኦቶና ሆስፒታል ተወስዷል፣ አብሮት የነበረውም አልተረፈም" ሆኗል።

ዳና የሚባል ልጅ አላውቅም። ግን አብሮት የነበረው ማን እንደሆነ አወቅኩ። የእኔ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?

ዳጣዬን ክፍቱን ጥዬ ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ኦቶና ስደርስ ከሆስፒታሉ በር ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል። የላይ ሰፈር እናቶች በአንድ በኩል፣ የመናኸሪያ እናቶች በሌላ በኩል። እነሱ ደግሞ የመጡት ልጃቸው ወግቶ ታስሯል ብለው የተወጋው መትረፉን ሊያዩ ነው። ከፊት የበረከት እናት አለች፤ መናኸሪያ ሻይ የምትሸጠዋ። ሰላም አንባባልም ነበር።

ዘበኛው "ዳና የሚባል አልገባም" ይላል። ሴቶቹ "ደብቃችሁት ነው!" ይላሉ። እኔ እንባዬን በእጄ ጠረግኩ። እጄ ደግሞ በርበሬ ነው። ዓይኔ ነደደ። መሬት ላይ ተቀምጬ ስጮህ ሁሉም ልጄ ሞቶ የተረዳሁ መስሏቸው እሪ አሉ። አንዲት ሴት ጭንቅላቴን ይዛ ዓይኔ ላይ ውሃ አፈሰሰች፤ "ክፈቺ፣ ዓይንሽን ክፈቺ፣ እንዲህ አታሺው" እያለች። ስከፍት የበረከት እናት ናት። የሻይ ጀበናዋን ውሃ ነው ያፈሰሰችብኝ፤ ደግነቱ ቀዝቅዟል።

ይህን ጊዜ ያቺ ወሬውን ያመጣች ልጅ እየሮጠች ደረሰች። "እማዬ፣ ዳና እኮ መጽሐፉ ላይ ነው!"

እናቷ "የት? አልጋው ስንት ቁጥር ነው?" አለች።

"አልጋ የለውም እማዬ! ገጽ ነው ያለው!"

አንዷ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ሁላችንም። ዘበኛውም ሳይቀር ዱላውን ይዞ ሳቀ። የበረከት እናት ከእኔ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ "ወይኔ ልጄ፣ ገጽ ገደልክ" እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

ሳይመሽ ቲቸር ግቢ ገብቶ ከማድቤቴ ደጃፍ ቆመ። "ዛሬ ያስለቀስኳችሁ እኔ ነኝ" አለኝ። ዓይኔ አብጧል። ተናድጃለሁ። ልቆጣው አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

"ታዲያ ይድናል ወይስ አይድንም?" አልኩት።

አየኝ። ቀስ ብለን እንይ አለ።

ነገሩ በሳቅ አላበቃም። ያን ጊዜ ምንም ነገር በሳቅ አያበቃም። ቀበሌ የወላጅ ስብሰባ ጠራ። መድረክ ላይ የተቀመጠው ካድሬ፣ መምህሩ ሐሰተኛ ወሬ ነዝቷል፣ ወጣቱን በቡድን እየከፋፈለ ነው አለ። ቲቸር ተነስቶ ልብ ወለድ መሆኑን አስረዳ።

"በልብ ወለድም ቢሆን ቡድን ቡድን ነው" አለ ካድሬው። "ወጣት የሚደራጅ ከሆነ በእኛ በኩል ይደራጃል። ይህ ዳና የሚባለው ግለሰብ ዓላማው ምንድን ነው?"

ማንም አልሳቀም። ከኋላ ታጣቂዎች ቆመዋል። ካድሬው ወላጅ ይናገር አለ። ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተነሳሁ። "ልጄ የዚህን መጽሐፍ መጨረሻ እስኪሰማ ብሎ ድንጋይ ማንሳት ትቷል። እናንተ ደግሞ..." ስል ካድሬው ቀና አለ። "እኛ ደግሞ ምን? ስምሽ ማነው? ልጅሽ ማን ይባላል?"

ያኔ ቲቸር በቁጣ ተነስቶ አቋረጠኝ። "ይህችን ሴት ተዉአት! ያልተማረች ናት፣ የምታወራውን አታውቅም! አንቺ፣ ተቀመጪ!" አለኝ። በሰው ፊት። አንቺ ብሎ።

ሰው ሳቀ፤ ካድሬውም ሳቀና ወደ ሌላ አለፈ። እኔ ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬ እንደ እሳት ጋለ። ቤት እስክደርስ ድረስ ሰደብኩት፣ በልቤ። ቤት ደርሼ የታምራትን ጫማ ደጃፍ ላይ ሳይ ነው የገባኝ። ስሜም የልጄም ስም ሳይጠራ ቀርቷል። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ስቀዳ አገኘሁት። "እንዴት አደሩ እርስዎ?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሌላ አላወራንም።

ሳምንት ሳይሞላ ወደ ኪንዶ ዲዳዬ፣ ሃላሌ የምትባል ራቅ ያለች የገጠር ከተማ አዛወሩት። አልጋውን መኪና ላይ ሲጭኑ ከሁለቱም ወገን ልጆች መጥተው አገዙት፤ ላይ ሰፈር በአንድ ጎን፣ መናኸሪያ በሌላ ጎን ይዘው። አይተያዩም። መጽሐፉን ይዞ ሄደ። ዳና ድልድዩ ላይ እንደወደቀ ቀረ።

ክረምቱ ከባድ ነበር። ትምህርት ተዘግቷል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ፉጨቱ ተመልሶ መጣ። በእኛ አገር ጊፋታ ሳይገባ፣ አዲሱ ዓመት ሳይጀምር፣ የተጣላ መታረቅ አለበት። ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁ ሲሞክሩ ጎረምሶቹ ገልብጠው ያዙት፤ ጊፋታ ሳይገባ ይለይልን አሉ። ቀን ቆረጡ። ከኳስ ሜዳው፣ ቅዳሜ። ታምራት አልነገረኝም፤ ግን አልጋው ሥር የብስክሌት ሰንሰለት በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁ። ሰንሰለቱን ሽንት ቤት ጣልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የግቢውን በር ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ከተትኩ።

ተነሳ። በሩን አየ። አጥሩን ማየት ጀመረ። ዓይኑ ከአጥሩ ጫፍ ጫፍ ሲሄድ አያለሁ። ቆልፌ የያዝኩት ማንን እንደሆነ እኔም ጠፋኝ፤ ሁለታችንም ከአጥር ውስጥ ነን።

በሩ ተንኳኳ። ፉጨት አይደለም፣ በጣት ነው። ከቆርቆሮው በታች የሚታየኝ የፕላስቲክ ጫማ ነው፣ ጭቃ የነካው።

"ማነው?"

"የታምራት እናት፣ እኔ ነኝ፣ በረከት። ታምራት አለ?"

ታምራት ከኋላዬ መጣ። በእጄ መለስኩት።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ሃላሌ የሚሄድ መኪና አለ፣ አጎቴ ነው ረዳቱ። ዛሬ ሄዶ ነገ ይመለሳል። ቲቸር ጋ ልሂድ ብዬ... የዳናን መጨረሻ ሊነግረን። ታምራትም ከሄደ ሜዳው ላይ ጠብ የሚጀምር የለም። ከሁለቱም ወገን እንድንጀምር የተመረጥነው እኔና እሱ ነን።"

"ማን ላከህ?"

"ማንም።"

"ጓደኞችህ ከጥጉ ቆመው ይሆናላ! አውጥታችሁ ልትወጉት!"

ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በቀስታ እንዲህ አለ። "ቲቸር ሲያነብ ለእያንዳንዳችን የምንሆነውን ሰው ከመጽሐፉ ሰጥቶን ነበር። ለእኔ የሰጠኝ የዳናን እናት ነው። ይስቁብኝ ነበር። እሷ በሩ ላይ ቆማ የምትለውን እኔ ነበርኩ የምለው።"

"ምን ነበር የምትለው?"

ጉሮሮውን ጠረገ። ጎርናና ድምፁን አቀጠነው፣ ሳያውቀው። "ቁልፉን ብይዝብህ አጥሩን ትዘላለህ። ብሰጥህ ድልድዩን ትሻገራለህ። ልጄ፣ የት ላስቀምጥህ?"

ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ያዝኩ። የተናገረችው የፈረንጅ አገር ሴት ናት፣ ያለችው ግን የእኔን ነው። የሚለውም ያ የምፈራው ልጅ ነው።

ቁልፉን አወጣሁ። ቀዳዳው አልገኝ አለኝ። ታምራት ከእጄ ወስዶ ከፈተው። ሁለቱ ተያዩ። በረከት "ና፣ መኪናው እንዳያመልጠን" አለ። ታምራት ሹራቡን አጥልቆ ወጣ። እስከ ጥጉ ድረስ አየኋቸው፤ ጎን ለጎን አልሄዱም፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ጥጉን ሲዞሩ ሰው ካለ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ጫማቸው ብቻ ነው የተሰማኝ።

ያን ቀን ሜዳው ላይ ትንሽ ድንጋይ ተወረወረ አሉ፤ አውራ ስለሌለው ተበታተነ። እኔ ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ስሮጥ የዋልኩት ከማድቤት በር፣ ከበር ማድቤት ነበር። በርበሬ ልፈጭ ተቀምጬ ድንጋዩን እንኳ አላነሳሁም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ቲቸር ከስቷል አሉ። ቦይና የሚባለውን ሥር ቀቅሎ አበላቸው፣ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበበላቸው። የሃላሌ ልጆችም መጥተው ከበቡ። ለእኔም ሰላምታ ልኳል፣ እርስዎ ብሎ።

እኔ ይህን ሁሉ እሰማለሁ፣ ሌላ ነው የምጠብቀው። "ዳናስ?" አልኩ።

ታምራት በረከትን አየው። በረከት ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። "ዳና ዳነ፣ እማዬ" አለኝ ታምራት። "ጓደኛው ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው። ዳነ።"

"እንዲህ ነው መጽሐፉ የሚለው?"

"እንዲህ ነው" አለ በረከት፣ አጥሩን እያየ። ጆሮው ቀልቷል።

ልጄ ሲዋሽ አውቀዋለሁ፤ እናቱ ነኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩና የእጅ ውሃ ላመጣላቸው ቶሎ ብዬ ማድቤት ገባሁ፣ ፊቴን እንዳያዩት። ከሃላሌ እስከ ሶዶ ባለው መንገድ ሁሉ፣ ላይ ሰፈርና መናኸሪያ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኔን እንዴት አድርገው እንደማያስደነግጡኝ ሲመካከሩ ነው የመጡት።